ግዛቸው ደግ ያደረጋቸው

ሰው ስለ ሞተ ሰው ክፉ ሊናገር ሲል አስቀድሞ «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ይላል። ግዛቸው አልሞተም። ትናንት ለምሳ ቤቴ መጥቶ ሽሮዬን እየነቀፈ ሁለቴ አስጨምሮ በልቶ ሄዷል። ስለዚህ እንደ ልቤ ልውቀሰው። ያነብብኛል ብዬም አልሰጋም፤ ግዛቸው የራሱን ካልሆነ የማንንም ጽሑፍ አያነብም።

የእህቴ ባል ነው። አሰላ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ የአማርኛ መምህር ነው፤ ከደሴ ተመድቦ ሲመጣ አንድ ሻንጣና አንድ ጃንጥላ ይዞ ነበር፣ ከሦስቱ ጃንጥላው ይሻል ነበር። ራሱን ግን መምህር ብሎ አያውቅም። ለሥጋ ቤቱም ለባጃጅ ሹፌሩም «ደራሲ ግዛቸው እባላለሁ» ነው የሚለው። አንገቱ ላይ ስካርፍ ይጠመጥማል። የአሰላ ብርድ እውነት ነው፤ ስካርፉ ግን ለብርዱ አይደለም። አንድ ልብ ወለድ አሳትሟል። ርዕሱን አልጠራውም፤ ገዝቶ ያነበበ ሰው ሊረሳው ሲታገል እንዳላስታውሰው። ያልተሸጠው ዛሬም አልጋቸው ሥር በካርቶን ተቀምጧል፤ እህቴ ቤት ስትጠርግ ካርቶኑን ወዲያና ወዲህ እየገፋች ነው።

እህቴ ሄለን ሌላ ፍጥረት ናት። እኔ ነርስ ሆኜ ከደብረ ብርሃን አሰላ ስመደብ ልትጠይቀኝ መጣች፤ በዚያው ቀረች። ከገበያው በላይ ወፍጮ ቤት ከፈተች። የሰው እህል ትፈጫለች፣ ስንዴ እየገዛችም ዱቄት ትሸጣለች። ቀኑን ሙሉ ከሞተሩ በላይ ስትጮህ ስለምትውል ቤቷ ገብታም ድምፅዋን መቀነስ አትችልም። «ጨው አቀብለኝ» ስትል ጎረቤት ይሰማል። አፏ ምላጭ ነው። ሊያጭበረብራት የመጣውን በአማርኛ ጀምራ በኦሮምኛ ትጨርስለታለች፤ ደንበኞቿ በኦሮምኛዋ እየሳቁ ስድቡን ተቀብለው ይሄዳሉ። ሰው «ክፉ ናት» ይላታል፣ ወፍጮዋን ትቶ ግን ሌላ ጋ አይሄድም። ዱቄት አትሰርቅማ።

ይህችን የመሰለች ሴት ግዛቸውን ስታገባ ዕንባዬ መጣ። ምን አግኝተሽበት ነው ብላት «ያዳምጠኛል» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ያዳምጣል፤ አፉን ከፍቶ፣ ዝንብ እስኪገባበት። ለምን እንደሚያዳምጥ የገባኝ ኋላ ነው።

መጽሐፉ ከታተመ ወዲህ ከተማው ለግዛቸው አንድ ሥራ ሰጠው። ሰው ሲሞት የሕይወት ታሪኩን እሱ ይጽፋል። መቼም ቀብር ቀጠሮ አይሰጥም፤ ጠዋት ያረፈ ከሰዓት ይቀበራል። ፍትሐቱ አልቆ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ የሚነበብ ወረቀት ደግሞ መኖር አለበት። ስለዚህ እድሩ ድንኳን ሲተክል አንዱ ዘመድ ወደ ግዛቸው ይሮጣል። ግዛቸው የሟቹን ስም፣ የተወለደበትን አገርና የልጆቹን ቁጥር ይጠይቃል፤ ሌላ ምንም አይጠይቅም። የቀረው እሱ ጋ አለ። ሟች ሁልጊዜ «በሥራቸው ታታሪ፣ በጠባያቸው ገር፣ ለተቸገረ ደራሽ፣ የተጣላ አስታራቂ፣ እንግዳ ተቀባይ» ናቸው። አሰላ ውስጥ ክፉ ሰው ሞቶ አያውቅም።

አቶ ገብረ መድህን ሲሞቱ የሆነውን ልንገራችሁ። ጎረቤቴ ነበሩ። ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ አጥራቸውን በየዓመቱ ወደ እኔ ጓሮ የሚገፉ፣ እንቅልፍ ነሱኝ ብለው የሰፈሩን ውሾች በመርዝ የጨረሱ፣ ከገዛ ወንድማቸው ጋር ሳይነጋገሩ ያረጁ ሰው ነበሩ። ግዛቸው ስካርፉን አስተካክሎ ቆመና «የሰፈራችን ዋርካ» አላቸው። «ለሰው ቀርቶ ለእንስሳ የሚራሩ» አላቸው። ሄለን አጠገቤ ቆማ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ትንቀጠቀጣለች፤ ያያት ሁሉ የምታለቅስ መስሎት አዘነላት። ወንድምየው ግን የእውነታቸውን አለቀሱ። እንዲህ ያለ ወንድም እንደነበራቸው አያውቁም ነበር።

ግዛቸው በእጁ የሞነጫጨረውን በኮምፒውተር የምትጽፍለት ዙቤዳ ናት። ፎቶ ኮፒ ቤቷ ከሄለን ወፍጮ ቤት ፊት ለፊት ነው፤ ሁለቱ አስፋልቱን መሐል አድርገው እየተጯጯሁ ነው የሚውሉት። አንድ ቀን የሕክምና ወረቀት ኮፒ ላስደርግ ገብቼ የአንዱን ሟች ታሪክ ስታትም አገኘኋት።

«ሲስተር» አለችኝ፣ «እኛ ጋ ሰው ሲሞት ይታጠባል፣ ይሰገድበታል፣ ይቀበራል። እናንተ ጋ ሌላ ሰው ሆኖ ነው እንዴ የሚቀበረው? ይሄን ሰውዬ አውቀዋለሁ እኮ። ወላሂ፣ እሱ አይደለም።»

ግዛቸው ሁለተኛ ልብ ወለድ የጀመረው እንዲህ ሙታንን ሲያሳምር እየዋለ ነው። ባለታሪኳ አስካለ ትባላለች፤ ወፍጮ ቤት አላት፣ ድምፅዋ ከሞተር ይበልጣል፣ አፏ ምላጭ ነው። የደራሲው ምናብ ስሟን ከመቀየር አላለፈም። ያ ሁሉ ማዳመጥ ለዚህ ነበር። ሄለን ተናግራ ሳትጨርስ ሽንት ቤት ገብቶ ይጽፋል። «ደራሲ ያላለቀ ሥራ አያሳይም» ብሎ ለእሷ አያነብላትም፤ ግን እያንዳንዱን ምዕራፍ ዙቤዳ ጋ ይወስዳል፣ ዙቤዳ ደግሞ አንድ ትርፍ አትማ አስፋልቱን ታሻግርላታለች። ሄለን ጆንያ ላይ ተቀምጣ ታነባለች። እሱም ያውቃል፣ እንደማያውቅ ይሆናል። የባልና የሚስት ነገር አይገባኝም።

እዚህ ላይ ሳልወድ የምናገረው ነገር አለ። የመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ጥሩ ነበሩ። አንድ የሲሬ ነጋዴ ከላይ ንጹሕ ስንዴ፣ ከሥር ጠጠርና ገለባ ሞልቶ ለሄለን ሊሸጥላት መጥቶ ነበር። እንዲህ ጻፈው፦ «አስካለ ጆንያውን ገለበጠችው። ስንዴው አስፋልቱ ላይ ፈሰሰ፤ ቀጥሎ ጠጠሩ ወጣ። ባጃጆቹ ቆሙ። ‹ይሄን ለእናትህ አስፈጭላት› አለችው። ሰውየው ጎንበስ ብሎ መልቀም ጀመረ። ስንዴውን ትቶ ባዶ ጆንያውን ነበር የሚያነሳው።» ዕውር ዶሮ እንኳን አንዳንዴ ጥሬ ታገኛለች ብዬ አለፍኩት። ግን እህቴ ነበረች፤ እዚያ ወረቀት ላይ ቆማ ትጮህ ነበር። ሄለን አንብባ እስክትጨርስ ትስቃለች። «ይሄ ቀጣፊ፣ እንዴት አድርጎ አየኝ!» ትላለች።

ከዚያ ጡቷ ላይ እብጠት ወጣ። እንደማንም ሴት ደብቃ ቆይታ ነገረችኝ፤ ዳሰስኳትና ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ናሙና ተወሰደ። ናሙናው አዲስ አበባ መመርመር ነበረበት፤ የሚያደርሰው ግዛቸው ሆነ፤ ውጤቱ ሲወጣ የሚደወልበትም የእሱ ስልክ ሆነ። ባል ነዋ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የሚለውን ተረት የፈጠረ ሰው ግዛቸውን ሳያውቀው አይቀርም።

ዐቢይ ጾም እንደገባ እኔን ለክትባት ዘመቻ ወደ ጮሌ ላኩኝ። ከዚያ እየደወልኩ እጠይቃለሁ። «ገና ነው እትዬ» ይለኛል ግዛቸው፣ «ወረፋ ነው አሉ።» ሌላ ጊዜ «ኬሚካል አልቋል አሉ» ይለኛል። በእኛ አገር ዘገየ ሲሉት ማን ይጠራጠራል? አመንኩት። ፋሲካ መጣ፤ አሰላ ወጥቼ አብሬያቸው ፈሰክሁ። ግዛቸው በግ ገዝቷል፣ ለሄለን ቀሚስ ገዝቷል፣ ሥጋውን እየመረጠ ያጎርሳታል። «ዛሬ ምን ነካህ? ልትሞት ነው እንዴ?» አለችው፤ ሳቅን። እሱ አልሳቀም። ቂጣ የመሰለ ፊቱ ይበልጥ ቂጣ መሰለ እንጂ ምንም አልታየኝም። እኔ ወደ ጮሌ ተመለስኩ።

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ሄለን ደወለችልኝ። ከበስተጀርባዋ የሞተሩ ድምፅ የለም። በሥራ ሰዓት ወፍጮ አጥፍታ አታውቅም።

«እታለም» አለችኝ፣ ቀስ ብላ። ቀስ ብላ ስትናገር ሰምቻት ስለማላውቅ መስመሩ የተበላሸ መሰለኝ። «እታለም፣ እኔ ሞቻለሁ መሰለኝ።»

«ምን ትቀባጥሪያለሽ?»

«ዙቤዳ አዲስ ምዕራፍ አመጣችልኝ። ነይ እና እዪልኝ።»

በማግስቱ ፈቃድ ለምኜ መጣሁ። ወፍጮ ቤቱ ዝግ ነው፤ ሰው እህሉን ተሸክሞ በር ላይ ያጉረመርማል። ገባሁ። ሄለን ምዕራፎቹን ሁሉ ጆንያዎቹ ላይ በተርታ ዘርግታቸዋለች። ዙቤዳ በሩ ጋ ቆማ እጇን ታፍተለትላለች።

«ማል ታኤ፣ ምን ሆነ ስላት አትመልስልኝም» አለችኝ ዙቤዳ። «እኔ ምን አጠፋሁ፣ ሲስተር? ቲቸር የሰጠኝን ነው የጻፍኩት። አስካለ ትንሽ ደበረችኝ እንጂ ሌላ ምንም የለውም።»

ሄለን የመጨረሻውን ምዕራፍ አቀበለችኝ። እንዲህ ይላል፦ «አስካለ እንደ ማለዳ ጮራ ፈገግታዋ ለሁሉ የሚደርስ፣ በሥራዋ ታታሪ፣ በጠባይዋ ገር ሴት ነበረች። ወፍጮ ቤቷ የመጣ ደሀ ባዶ እጁን አይመለስም። የተጣላ ታስታርቃለች፣ ያዘነ ታጽናናለች።» ገጽ ገለበጥኩ። አስካለ ለማኝ ታቅፋለች። ገጽ ገለበጥኩ። አስካለ የሲሬውን ነጋዴ ይቅርታ ትጠይቃለች! ምዕራፉን ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳን አልጮኸችም።

«ያንን ጠጠር ያመጣውን ሰውዬ» አለች ሄለን፣ «እኔ ይቅርታ ስጠይቀው።»

«ቂል ነው። ስንፍናው ነው። የቀብር ጽሑፉ እጁ ላይ ቀርቶበት ነው።»

«አይደለም እታለም። እኔ ግዛቸውን አውቀዋለሁ። ግዛቸው በሕይወት ያለ ሰው ደግ አድርጎ አያውቅም። አንቺን የጻፈበትን አላየሽም? ገብረ መድህንን እንኳን በቁማቸው ሳሉ ‹ያ ጅብ› ነበር የሚላቸው።» ጣቷን ከአንዱ ምዕራፍ ወደሚቀጥለው ወሰደች። «እዚህ ድረስ እኔ ነኝ። ይሄን የጻፈው ጾሙ ሲጋመስ ነው። ከዚህ ጀምሮ እኔ አይደለሁም። መሐል ላይ ምን ሆነ? ውጤቱ መጥቷል። ነግረውታል። እሱ ቀብሮኛል።»

ነርስ ነኝ፤ ስንቱን የታመመ ፊት አይቼ ሳይነግሩኝ አውቄአለሁ። ይሄን ግን አላየሁም። ዙቤዳ «ያ ረቢ» ብላ በርጩማው ላይ ተቀመጠች።

ግዛቸውን ከትምህርት ቤት አስጠራነው። ስካርፉን እያስተካከለ ገባ፤ የተዘረጋውን ወረቀት ሲያይ መጀመሪያ ደስ አለው። በእውነት ደስ አለው! አንባቢ ያገኘ መስሎት። ሄለን ተነስታ ቆመች፣ ምዕራፉን አነሳች፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ሲያነብ በሚያወጣው በዚያ በተወጠረ ድምፁ ማንበብ ጀመረች። «በሥራዋ ታታሪ፣ በጠባይዋ ገር ሴት ነበረች…» ሁለተኛው መስመር ላይ ሳትደርስ ግዛቸው የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀመጠ፤ ሱሪው ነጭ ሆነ።

«መቼ ነው የመጣው?» አለችው።

«ሄለንዬ…»

«መቼ ነው የመጣው አልኩህ!» አሁን ድምፅዋ ተመለሰ።

ከፋሲካ በፊት ነበር የመጣው። ካንሰር ነው። አዳማ ፈተና ለማረም እሄዳለሁ ያለን ቀን አዲስ አበባ ሄዶ አምጥቶታል። ያንን ሁሉ ሳምንት ይዞት ዞረ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

«ፋሲካ ደርሶ ነበር» አለ እያለቀሰ። «በዓሉን እንዴት ላበላሽባችሁ? ይለፍ አልኩ። ከዚያ ደግሞ ዳግማይ ትንሣኤ ይለፍ አልኩ። ከዚያ የልደታ ማኅበርሽ ተረኛ አንቺ ነበርሽ። ሰው እንዲህ ያለ ነገር ዘመድ ሳይሰበሰብ፣ ሽማግሌ ሳይቀመጥ ይነገረዋል? መርዶ እኮ ወግ አለው።»

«መርዶ የሚነገረው ሰው ሲሞት ነው፣ አንተ እንስሳ!» አልኩት። «በሽታ ፋሲካ አይጠብቅም። አንተ በግ ስታርድ እሱ ሲያድግ ነበር።» ሌላም ብዙ አልኩት፤ እዚህ የማይጻፍ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የእሱ ዝምታ ግን ነቅዞ እህቴን ሲበላት ከርሟል። ዛሬም እንቀዋለሁ።

ሄለን አላለቀሰችም። ሞተሩን ሄዳ አስነሳችው። ከዚያ ከሞተሩ በላይ ጮኸችበት። «ሁለት ነገር ስማ! አንደኛ፣ ከዛሬ ወዲያ ስለ እኔ የሚደወለው ለእኔ ነው። ሁለተኛ፣ ይሄንን ሬሳ ከመጽሐፍህ አውጣልኝ። ክፉ ነኝ፤ ክፉ አድርገህ ጻፈኝ!» ከዚያ በሩን ከፍታ «ማነው ተራው?» አለች።

ሕክምናው አዲስ አበባ ጀመረ። ጡቷ ተቆረጠ፤ መድኃኒቱ ቀጠለ፤ ፀጉሯ አለቀ። በሻሽ ጠቅልላ ወፍጮዋ ላይ ትቆማለች። አንዱ ደንበኛ አዝኖላት የማስፈጫ ትርፍ ቢሰጣት መልሳ ወረወረችለት። ግዛቸው እየተከተለ ያያል፤ ይጽፋል። የመጀመሪያውን ወደ ዙቤዳ ሳይሆን ቀጥታ ለእሷ አመጣላት። አንብባ መለሰችለት። «ይቺ አሁንም ሬሳ ናት። እዚህ ጋ ለምንድነው የምታመሰግነው? እኔ አመሰግኜህ አውቃለሁ?» ደግሞ ጽፎ አመጣ። «ዕንባዋን አውጣልኝ። ያለቀስከው አንተ ነህ፣ ለራስህ ስጠው።» ልጅ ደብተር ይዞ መምህር ፊት እንደሚቆመው ይቆማል፤ ደስ ይለኝ ነበር። ሃያ ዓመት የተማሪ ድርሰት በቀይ የሰነጠቀ ሰው ተራው ደረሰ።

ቀስ በቀስ አስካለ ተነሳች። ሻሿን ፈትታ መላጣዋን ለሚያፈጥባት ሰው «ጠጋ ብለህ ቁጠረው» ስትል አነበብኩ። ይሄንን ሄለን አላለችውም ነበር። ጠየቅኳት። «አላልኩም» አለችኝ፣ «ግን ብዬ መሆን ነበረበት።» በማግስቱ አለችው፤ ለአንድ የአርቦዬ ደላላ። እንዲህ ሆነ ነገሩ። መድኃኒቱ ሲጥላት፣ ተኝታ ስታስመልስ ስትውል፣ ምዕራፍ ይመጣላታል፤ አስካለ ውስጡ ከቀበሌ ሹም ጋር ትተናነቃለች። ሄለን አንብባ ታጥባ ትነሳለች። «ገና ክፉ ነኝ» ትለኛለች፣ ወረቀቱን እያወዛወዘች። ግዛቸውን ስለዚህ አላመሰግነውም። ያበላሸውን መጠገን ምስጋና የለውም።

ሕክምናው አልቆ ምርመራ ሆነ። ውጤቱን ለመስማት ሁለታችን ሄድን፤ ግዛቸው ወፍጮ ቤቱን እንዲጠብቅ ተተወ። ዶክተሩ እንደ አገሩ ልማድ እኔን በዓይኑ ወደ ውጭ ጠቀሰኝ። ሄለን ቀድማ ብድግ አለች። «ዶክተር፣ የታመምኩት እኔ ነኝ። ለእኔ ይንገሩኝ።» ነገራት። ወደ ጉበቷ ዘልቋል። መድኃኒት አለ፤ ያቆየዋል እንጂ አይመልሰውም። ሄለን ሰምታ «ስንት ጊዜ?» አለችው። አንገቱን ደፋ። «ግድ የለም፣ አይንገሩኝ» አለችው። ይህን ያለችው በዚያ በታላቁ ድምፅዋ ነው፤ ኮሪደሩ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ዞረ።

ሚኒባስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ኢተያን ስናልፍ የስንዴው ማሳ ግራና ቀኝ ወርቅ መስሎ ነበር፤ ኮምባይኖቹ ገብተዋል። ሄለን በመስኮቱ እያየች «ዘንድሮ ርካሽ ይሆናል፣ መግዛት አለብኝ» አለች። እኔ ዕንባዬን መያዝ አቃተኝ።

«እታለም፣ ለግዛቸው እንዳትነግሪው።»

ዞሬ አየኋት። «ምን ማለትሽ ነው? እሱን የሰደብንበትን ነገር እኮ ነው።»

«እሱ ከባለቤቱ ደበቀ። እኔ የራሴን ነው የምደብቀው።»

«አንድ ቀን ማወቁ አይቀርም።»

«አይቀርም። እስከዚያ ግን አይወቅ።» ሻሿን አጠበቀች። «ካወቀ ደግ ያደርገኛል፣ እታለም። አይችልም፣ እጁ ነው፤ ሳያስበው ያደርገኛል። እኔ ደግሞ ገና መጮህ እፈልጋለሁ።»

የአሰላ መናኸሪያ ስንደርስ ግዛቸው ስካርፉን ተጠምጥሞ ቆሟል። ወፍጮ ቤቱን ዘግቶ መምጣቱ ነው። ሄለን ገና እግሯ መሬት ሳይረግጥ ጀመረችው። «ማን ዝጋ አለህ? የሰው እህል በር ላይ አስቁመህ፣ እዚህ እንደ ግንድ ተተክለህ! ሱሪህስ ምንድነው? በእሱ ነው ደንበኛ ስታስተናግድ የዋልከው?» መናኸሪያው ሁሉ ሰማ። ግዛቸው እያያት ፊቱ ሲበራ አየሁ። ጥያቄም አልጠየቀም። እየሰደበችው እሷን ትቶ ወደ እኔ ዞረና «ዳነች፣ አይደል እትዬ?» አለኝ፤ ጥርሱ ሁሉ ይታያል። «ውጤቱን ከድምፅዋ አወቅሁት!» ደራሲ አይደል፣ ሰው ያነባል።

«ጮሌ ነህ» አልኩት።

ትናንት ለምሳ የመጣው አዲሱን ምዕራፍ ሊያሳየኝ ነው። አሁን ለእኔም ያሳያል፤ ደፋር ሆኗል። ሽሮው ጨው በዛው እያለ፣ እየበላ፣ ከፊቴ አስቀመጠልኝ። አነበብኩት። አስካለ መናኸሪያ ውስጥ ባሏን ትሰድባለች። ሰዉ ከቦ ያያል፤ አንዲት ሽንኩርት ቸርቻሪ ሚዛኗን ትታ ቆማለች። ባልየው እየተሰደበ ደስ ይለዋል። አንዲት ቃል ትርፍ የለበትም። ሄለን እንዳለች ነበረች፣ ሻሿ ወደ ጎን ዘንበል ብሎ፣ አፏ ከሞተር በላይ። ሁለቴ አነበብኩት፤ ሁለተኛው ላይ ፊደሉ አልታየኝ አለ።

«እንዴት ነው፣ እትዬ?»

«ጥሩ ነው» አልኩት። እንዲህ ብዬው አላውቅም፤ ጉርሻው እጁ ላይ ቀረ።

«የእውነትዎን?»

«የእውነቴን። ስንት ምዕራፍ ይቀርሃል?»

«ኧረ ብዙ! ገና መሐሉ ነው። ልጅ ትወልዳለች፣ ሁለተኛ ወፍጮ ትከፍታለች፣ ታረጃለች…»

«ቶሎ ቶሎ ጻፍ» አልኩት።

አፉን ጠርጎ፣ ስካርፉን አስተካክሎ፣ ያንን ለተማሪ የሚያወጣውን ፈገግታ አወጣልኝ።

«ጥበብ ጥድፊያ አይወድም፣ እትዬ» አለኝ ደደቡ። ከዚያ ሽሮ ይጨምሩልኝ በሚል ዓይን ሳህኑን አየ፤ ጨመርኩለት።